ይሉኝታ ያጠማዘዘው የአየር ቱቦ

ግንቦት 1989 ዓ.ም.
ሀና ማርያም፣ አዲስ አበባ

ለሕንፃ ንድፍ ማረጋገጫ መምሪያ
ለክቡር ሥራ አስኪያጅ ለአቶ ወጋየሁ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ግድግዳችን ላይ ያለውን ቀዳዳ እንድንደፍን የሰጡንን ትእዛዝ በታላቅ አክብሮት የማንፈጽም መሆናችንን ስለመግለጽ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና በአራተኛው ፎቅ ለሚገኘው ኮምፒዩተርዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። ሳንባዎ እንደ አዲስ ወናፍ የሚሠራ፣ ጉሮሮዎም ከማለዳ እስከ ማታ ሳይከረክርዎ ትእዛዝ የሚያወጣ ይሆን ዘንድ የማኅበራችን እናቶች ዘወትር ይጸልዩልዎታል። አንዳንዶቹ ጸሎቱን ሳል እያቋረጠባቸው ስለሚያደርሱት ቃሉ ተቆራርጦ ወደ ላይ ደርሶ እንደሆነ አስቀድሜ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

እኔ በሀና ማርያም አካባቢ የሚገኘው የበርበሬና የቅመማ ቅመም አዘጋጅ እናቶች ማኅበር ሰብሳቢ ነኝ። ከዚያ በፊት ለብዙ ዓመታት የአንደኛ ደረጃ ሒሳብ አስተማሪ ስለነበርኩ፣ የተሳሳተ መልስ ባየሁ ቁጥር እጄ ቀይ እስክሪብቶ ይፈልጋል። ደብዳቤዬን በመዝገብ ቤትዎ በኩል ሳይሆን በጋዜጣ መላኬም ንቀት እንዳይመስልብኝ እሰጋለሁ። እስከ ዛሬ በመዝገብ ቤት በኩል የላክናቸው አቤቱታዎች ግን አሁንም ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ እየተዘዋወሩ ነው ስለተባልን፣ በአዳራሻችን ውስጥ አየር ባይዘዋወር እንኳ በመሥሪያ ቤትዎ የሚዘዋወር ነገር በመኖሩ ተጽናንተናል።

ባለፈው ሳምንት የደረሰን የክቡርነትዎ ደብዳቤ በደቡብ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ ያለ ፈቃድ የከፈትነውን ቀዳዳ በብሎኬት እንድንደፍን፣ ከቦታው ያነሣነውን ማራገቢያ ወደ ቱቦው እንድንመልስ፣ ይህን እስከ ሰኔ መግቢያ ካላደረግን አዳራሹ እንደሚታሸግ ያዝዛል። ቀጥሎም «በአዳራሹ ውስጥ በቂ አየር እንደሚዘዋወር በኮምፒዩተር ስሌት የተረጋገጠ በመሆኑ፣ የሠራተኞቹ ሳል ከሕንፃው ጋር ግንኙነት የለውም» ይላል። ሳላችን ከምን ጋር ግንኙነት እንዳለው ስላልነገሩን ለጊዜው ባለቤት የሌለው ሳል አድርገን ይዘነዋል።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ይህን የሚያነቡ ሌሎች ሰዎች ግር እንዳይላቸው ከመጀመሪያው ልነሣ። ቀድሞ በርበሬ የምንቀነጥሰው፣ የምንደልዘውና የምንፈጨው ግድግዳ በሌለው ዳስ ሥር ነበር። ዓይናችን ያለቅስ ነበር፣ ነገር ግን የሜዳው ነፋስ ብናኙን ይዞት ይሄዳል። በኋላ አንድ የእርዳታ ድርጅት ገንዘብ ሰጠ፣ የእርስዎ መምሪያ ንድፉን አወጣ፣ ባማረ ብሎኬት የተገነባ አዳራሽ ተሰጠን። ሪባን በቆረጡበት ዕለት ሕንፃው በኮምፒዩተር የተሰላ ስለሆነ መስኮት እንደማያስፈልገው፣ መስኮት የድሮ ሰው ነገር መሆኑን አስረዱን። በጣሪያው ሥር የተዘረጋው አራት ማዕዘን የላሜራ ቱቦ በማራገቢያ ኃይል ብናኙን ስቦ በሰሜን ግድግዳ ቀጥ ብሎ ይወጣል አሉን። ሐቁን አልክድም፣ ቀጥ ብሎ በወጣባቸው ሳምንታት እንዳሉት ሠርቷል። እኛም አጨብጭበናል። ጭብጨባው ዛሬም የእርስዎ ነው፣ አንመልስም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በአክብሮት በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ/ በሰሜን በኩል ታቦት የሚያልፍበት መንገድ አለ። የንግሥ ዕለት ተራው የወፍጮ ቀን ሆኖ ብናኙ በመንገዱ ላይ ወረደና ጃንጥላ የያዘው ዲያቆን ደጋግሞ አነጠሰ፣ መዘምራኑም ወረቡን በሳል ጨረሱት። በማግስቱ ሽማግሌዎች መጥተው «ልጆቻችን፣ እንዲያው ብትችሉ አፉን ትንሽ ዞር ብታደርጉልን» አሉ። እኛ አፈርን። የእርስዎም መሥሪያ ቤት አፍሮ ኖሮ ሠራተኛ ልኮ የቱቦውን አፍ ወደ ምዕራብ አጠፈው። ደብሩን ማክበራችሁ የሚያስመሰግን ነው፣ ማንም በዚህ አይወቅሳችሁም።

2ኛ/ በምዕራብ በኩል የወንጌላዊ ሉቃስ ጸሎት ቤት አለ። በዚህ ቤት የሚጸልዩት አብዛኞቹ ከደቡብ የመጡ፣ ከእኛ በርበሬ የሚገዙ ደጋግ ሰዎች ናቸው። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላልና የጉባኤው እንባ ድንገት በመብዛቱ ወንጌላዊው በመጀመሪያ እጅግ ደስ ብሏቸው ነበር። በኋላ ግን ወደ እኔ መጥተው «እኅቴ ፀሐይወርቅ፣ የንስሐ እንባ መስሎኝ ነበር፤ ነገሩ የገባኝ ማስታወቂያ የሚያነበው ወንድም ሲያለቅስ ነው» አሉኝ። ሲናገሩ ይቅርታ የሚጠይቁት እርሳቸው ነበሩ፣ እኔ ደግሞ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ቱቦው ወደ ደቡብ ታጠፈ።

3ኛ/ በደቡብ በኩል ጋሼ ዱጉማ ላሞች ያረባሉ። ከተማ ሳይደርስ ጀምሮ በቦታው የኖሩ ሰው ናቸው። ለመናገር ከብዷቸው ብዙ ቀን ቆዩና በመጨረሻ «ኧረ ፀሐይዬ፣ ላሞቹ ሳር ጥለው ያስነጥሳሉ፤ እንዲህ ከቀጠለ ወተቱን ለሽሮ እንጂ ለሻይ የሚገዛኝ አላገኝም» ብለው ሳቁ። እየሳቁ ቢናገሩም ኑሯቸው ነውና የእርስዎ ሠራተኞች ተመልሰው መጡ። ቱቦው የደቡቡን ግድግዳ ተያይዞ ሽቅብ ወጣ፣ ጣሪያውን አቋረጠ፣ ወደ ምሥራቅ ዞረ፣ ቁልቁል ወረደ። በምሥራቅ ያለው የእኛው በር ነው።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ቆም ብለው እንዲያስቡልኝ እለምናለሁ። ቱቦው ለጎረቤት ሁሉ አክብሮት ሰጥቶ ሲያበቃ አፉን በራችን ላይ ከፈተ። ከውስጥ በብዙ ድካም የምናስወጣትን ጥቂት ብናኝ ደጃፋችን ላይ ተቀብለን፣ ስንገባ በነጠላችን ይዘናት እንገባለን። እንግዳ ተቀባይነታችን እስከዚህ ድረስ መሆኑን እኛም አናውቅም ነበር።

ለዚህ ጎረቤቶቻችንን አልከስም። እያንዳንዳቸው እውነት ነበራቸው። የእርስዎንም ሠራተኞች ጨዋነት አልከስም። ሰው ፊት ቆሞ «አይሆንም» ማለት ለእኛ አገር ሰው ግድግዳ ከማፍረስ ይከብደዋል፤ እኔ ራሴ አንዴም «ቱቦው ሲታጠፍ እኛስ?» ብዬ አልጠየቅኩም። ሁላችንም ለሁላችን እያፈርን አንድ ቀጥ ያለ ቱቦ ስድስት ቦታ አጠፍነው። ቅሬታዬ ይህ አይደለም። ቅሬታዬ ያን ሁሉ እጥፋት ስታጥፉ ለኮምፒዩተሩ አለመንገራችሁ ነው። ሰውን ሁሉ አፍራችሁ እርሱን ብቻ ዋሻችሁት።

4ኛ/ ይህን የማውቀው ከራስዎ ቸርነት ነው። ባለፈው መጋቢት ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ስጨቀጭቅዎ «በዓይንዎ ይዩና ይመኑ» ብለው ወደ ኮምፒዩተሩ ክፍል አስገቡኝ። ጫማ አውልቁ ተባልኩ፣ አወለቅሁ። ካልሲዬ ተረከዙ ላይ የተቀደደ መሆኑን ያወቅሁት እዚያ ነው። ክፍሉ ውስጥ ደስ የሚል ቀዝቃዛ አየር ይነፍሳል፣ መስኮቱ ላይ ሁለት መጋረጃ አለ፣ ማሽኑም ሥራ ሲፈታ የሚለብሰው ነጭ ልብስ አለው። ይህ ሁሉ ለምን እንደሆነ ስጠይቅ አቧራ ለኮምፒዩተር ጤና ጠንቅ ነው አሉኝ። በዚያች ቅጽበት የተሰማኝን በጋዜጣ ላይ ልጽፈው አልችልም።

ማሽኑን የሚያሠራው ጸጋአብ የሚባል ትሑት ወጣት የአዳራሻችንን ስሌት አወጣልኝና በእንግሊዝኛ የተጻፈውን እየተረጎመ አስረዳኝ። እንደገባኝ ከሆነ ማራገቢያው ለአየሩ የተወሰነ ግፊት ይሰጠዋል። አየሩ በቱቦው ውስጥ ሲጓዝ ግፊቱን ላሜራው እየተሻሸ ይቀንስበታል፤ ቱቦው በታጠፈ ቁጥር ደግሞ ከግድግዳው ጋር እየተላተመ ከፍ ያለ ግፊት ያጣል። በኬላ የሚያልፍ ነጋዴን ያስታውሳል። በየኬላው ሲቀረጥ የቆየ ነጋዴ መጨረሻው ገበያ ሲደርስ ኪሱ ባዶ ነው። እኔም «የእኛ ቱቦ ስንት ቦታ ታጥፏል ይላል?» ብዬ ጠየቅሁ። ጸጋአብ በጣቱ እያሳየ «ዜሮ ይላል እትዬ» አለኝ።

ዜሮ! ስሌቱ የተሠራው ሕንፃው ከመቆሙ በፊት ነው፣ ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካውም። እኔም የአስተማሪነት አመሌ ተነሣብኝና ስድስት ብለህ ጻፍልኝ አልኩት። ወጣቱ ወደ እርስዎ አየ፣ እርስዎም በልበ ሙሉነት ራስዎን ነቀነቁለት። የመታጠፊያውን ቁጥር ጻፈ፣ ቱቦው የረዘመውንም ጨመረ። ማሽኑ ጥቂት አሰበና ጮኸ። ማስጠንቀቂያ ወጣ። ጸጋአብ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አየሩን በዚያ ቱቦ ለማስወጣት የሚያስፈልገው ግፊት ማራገቢያው ከሚችለው ከእጥፍ በላይ መሆኑን፣ የሚወጣውም አየር መውጣት ከሚገባው ጥቂቱ ብቻ መሆኑን ተረጎመልኝ።

ክቡርነትዎም «ማሽኑ ሞቆታል፣ አጥፋው» አሉ።

ይህን ቃል አልረሳውም። በዚያ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ እኔ በካልሲ ቆሜ እየበረደኝ ማሽኑ ሞቆት ጠፋ። ኮምፒዩተርዎን ግን ከልቤ አመሰግናለሁ። እውነቱን ሲጠየቅ ወዲያው ተናገረ፣ እስኪያጠፉት ድረስም ቃሉን አላጠፈም። «በኮምፒዩተር ስሌት የተረጋገጠ» ብለው የጻፉልን ከዚህ በኋላ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልኝ። ጸጋአብን በተመለከተ የታዘዘውን ቁጥር ከመጻፍ በቀር ያጠፋው የለምና፣ በቅርቡ ወደ ሩቅ ቅርንጫፍ ለተሻለ ኃላፊነት ቢታጭ የሀና ማርያም እናቶች ምክንያቱን በአደባባይ የሚጠይቁ መሆናችንን ከወዲሁ በትሕትና አስታውቃለሁ።

5ኛ/ ይህን ክፍል በለዘበ ቃል ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም። ገበያነሽ የምትባል እኅት አለችን። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሦስት ልጆች የምታሳድገው በዚህ ሥራ ነው። በርበሬ ሲደለዝ ሽታውን ብቻ ተከትላ ዝንጅብሉ አንሷል፣ ነጭ ሽንኩርቱ በዝቷል የምትለን እርሷ ናት፤ ማኅበራችን ስም ያወጣው በእርሷ አፍንጫ ነው። ቱቦው በራችን ላይ ከወረደ ወዲህ በመጀመሪያ ድምፅዋ ጠፋ፣ ቀጥሎ የቤቷን ዳገት ሁለት ቦታ አርፋ መውጣት ጀመረች፣ ቀጥሎ ሽታ አልለይም አለችን። የጤና ጣቢያው ሐኪም «ወይ ሥራውን፣ ወይ ሳንባሽን ምረጪ» አላት። ሥራዋን ትታ ልጆቿን ምን ልታበላ ነው? ዝም ብላ መጣች፣ እኛም ዝም ብለን አስገባናት።

በሚያዝያ አንድ ቀን ወፍጮው እየሠራ ሳለ ገበያነሽ ወደቀች። ዓይኗ ተገልብጦ አየር ትፈልጋለች፣ አየር የለም። በሩን ከፈትነው፣ በበሩ የሚገባው ያው የቱቦው ብናኝ ነው። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ ነው፤ ነፋስ ቤት በሚያነቃንቅበት ሜዳ መካከል ሆነን አንዲት ሴት አየር አጥታ ልትሞትብን ሆነ። ማን እንደጀመረ አላውቅም፣ ብቻ እናቶች ዘነዘናቸውን አንሥተው ግድግዳውን ይወቅጡት ጀመር። ጩኸቱን ሰምተው ጋሼ ዱጉማ ድጅኖ ይዘው ከውጭ በኩል ደረሱ። «በኔ በኩል ስበሩት!» ይላሉ፣ «በኔ በኩል! ላም ይዛወራል፣ ሰው አይዛወርም!» ብሎኬቱ ተፈነቀለ፣ ገበያነሽን በቀዳዳው አውጥተን በረቱ አጠገብ አስተኛናት። ወንጌላዊ ሉቃስ መኪና ለምነው መጡ፣ ከደብሩም የመጡ ካህን ጠበል ረጯት፣ ሁለቱም አብረው ተሳፍረው ሆስፒታል አደረሷት።

ያን ዕለት ማታ ሦስቱም ጎረቤቶች እኛ ዘንድ ቁጭ ብለው አዝነው ነበር። «እኛ አፉን አዙሩልን አልን እንጂ እናንተ ላይ አዙሩት መች አልን?» አሉ። ማንም ጠርቶ ስላልጠየቃቸው ቱቦው የት እንደደረሰ አያውቁም ነበር። ተነጋገርን። የወፍጮው ቀን የንግሥም የጸሎትም ቀን እንዳይሆን በአንዲት ምሽት ተስማማን፤ ይህን ለመስማማት ላሜራ አላስፈለገንም። ማራገቢያውን ከቱቦው ፈትተን በቀጥታ ቀዳዳው ላይ ገጠምነው። ከውጭ በኩል ብናኙን የሚይዝ እርጥብ ጆንያ ሰቀልን፣ ጋሼ ዱጉማም በረታቸውን አሻገሩ። አሁን መታጠፊያ የለም፣ ቱቦም የለም፣ ብናኙ ተወልዶ ብዙም ሳይቆይ ይወጣል። ገበያነሽ በቀዳዳው አጠገብ ተቀምጣ ግማሽ ቀን ትሠራለች። ባለፈው ሳምንት ካለችበት ሆና «ዝንጅብል ጨምሩ» ስትል ብዙዎቻችን አለቀስን፣ በዚህ ጊዜ በርበሬው አልነበረም።

ይህን ቀዳዳ ነው እንግዲህ እንድንደፍን ያዘዙን።

6ኛ/ አንደፍንም።

በዚህ አንቀጽ ተጨማሪ ማብራሪያ ባለማስፈለጉ ወደሚቀጥለው አልፋለሁ። መምሪያዎ ሕግ የማስከበር ኃላፊነት እንዳለበት ስለምናውቅ ችግርዎን ለማቅለል ሁለት ሐሳብ በትሕትና እናቀርባለን። አንደኛው፣ ገበያነሽና ባልደረቦቿ በመሥሪያ ቤትዎ የንብረት መዝገብ ላይ በኮምፒዩተርነት እንዲመዘገቡልን ነው። ያን ጊዜ አቧራ ለጤናቸው ጠንቅ መሆኑ ያለ ክርክር ይታመናል፣ ቀዝቃዛ አየርም ይፈቀድላቸዋል፣ ሲሞቃቸውም ዐረፍ እንዲሉ ትእዛዝ ይሰጣል። ጫማ አውልቀን ለመግባት ሁላችንም ፈቃደኞች ነን። ሁለተኛው፣ አዳራሹን ለማሸግ የሚመጡት ሹማምንት አስቀድመው ቀዳዳውን ደፍነው፣ ማራገቢያውን ወደ ስድስቱ እጥፋት መልሰው፣ በሩን ዘግተው አንድ ኩንታል በርበሬ ተፈጭቶ እስኪያልቅ አብረውን እንዲቀመጡ ነው። ወንበር እናዘጋጃለን። ሲጨርሱ ማሸጊያውን ሰም በገዛ እጃችን አቅልጠን እናቀብላቸዋለን፤ እነርሱ ለማየት ዓይናቸው አይገለጥላቸው ይሆናልና ቦታውንም እናሳያቸዋለን።

ከዚህ ውጭ በኃይል ሊደፍኑ ከመጡ ግን በቀዳዳው ፊት አንድም ሳይቀር የማኅበሩ አባላት፣ ሁለቱ የሃይማኖት አባቶችና የጋሼ ዱጉማ ላሞች ቆመው ያገኙናል። ድጅኖውም እንደተወለወለ ነው። ዛሬ የደፈናችሁትን ነገ እንከፍተዋለን፣ ነገ የደፈናችሁትንም ከነገ ወዲያ። ብሎኬት ከእናንተ፣ ዘነዘና ከእኛ።

ላደረጉልን ሁሉ፣ በተለይም መስኮት የድሮ ሰው ነገር መሆኑን ስላስተማሩን፣ የድሮ ሰዎች ለምን እንደ ኖሩ እንድናስተውልም ምክንያት ስለሆኑን ምስጋናችን ከልብ ነው። ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ሰፊ ደረት፣ በሁለቱም አፍንጫ ቀዳዳ የሚገባና የሚወጣ ያልታጠፈ ትንፋሽ እየተመኘሁ፣ እጅ እየነሣሁ፣ ቀና ብዬም ዓይንዎን እያየሁ እሰናበታለሁ።

የማታቋርጥ አክባሪዎ
ፀሐይወርቅ ዳኜ
የበርበሬና የቅመማ ቅመም አዘጋጅ እናቶች ማኅበር ሰብሳቢ

ግልባጭ፦
ለደብሩ ሰበካ ጉባኤ
ለወንጌላዊ ሉቃስ ጸሎት ቤት
ለጋሼ ዱጉማ (በቃል የሚነበብላቸው)
ለኮምፒዩተሩ፣ ሲበርድለት

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ጋሼ ዱጉማ አንድ የምሥራች ይዘውልኝ መጡ። ከእርሳቸው ግጦሽ ወዲያ ያለው ሜዳ ለመምሪያዎ ሠራተኞች የመኖሪያ ቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር ተመርቶ ችካል መተከል እንደተጀመረ፣ የማዕዘኑም ቦታ በዕጣ ለክቡርነትዎ እንደደረሰ ነገሩኝ። እንኳን ጎረቤት አደረገን! ቀዳዳችን ቀጥ ብሎ የሚያየው ያንን ማዕዘን ነው። የመኝታ ቤትዎን መስኮት ወደየት እንደሚያወጡ ከወዲሁ ያስቡበት፤ እኛ ለታቦቱም፣ ለጉባኤውም፣ ለላሞቹም የምንችለውን ያህል ታጥፈን ጨርሰናልና ለእርስዎ የምንታጠፈው አልቀረንም።